«እውነተኛ» የዜማ መሣሪያ የትኛው ነው? ከውኃ ኦርጋን እስከ ኮምፒውተር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በወጣቶች መካከል ስለ ዜማ መሣሪያ ጭውውት በተነሣ ቁጥር አንድ ክርክር አይቀርም። አንዱ ወገን፣ «ኪቦርድና ኮምፒውተር እውነተኛ የዜማ መሣሪያዎች አይደሉም፤ ማሽኖች ናቸው፤ ቁልፉን ሲጫኑት ራሱ ይጮኻል፤ ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ቦታ የላቸውም» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ፣ «የዓለም ታላላቅ ሙዚቀኞች የሚደርሱባቸውና የሚጫወቱባቸው እውነተኛ መሣሪያዎች ናቸው፤ ስለዚህ በመዝሙራችን ለምን ይከለከላሉ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች በመደምደሚያቸው ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ «እውነተኛ መሣሪያ ከሆነ ይገባል፣ ካልሆነ አይገባም» ብለው ያምናሉ። ይህ ጽሑፍ ሊመረምረው የሚፈልገው ይህንኑ የጋራ መነሻቸውን ነው።

«ይህ መሣሪያ እውነተኛ ነውን?» የሚለው ጥያቄ በእኛ ዘመን አልተጀመረም። በታሪክ ብዙ ጊዜ ተጠይቋል፤ አንድ ጊዜም በመንግሥት ችሎት ፊት ቀርቦ ምስክር ተሰምቶበታል። ታሪኩን በጥሞና ስንከታተል ግን ይህ ጥያቄ ብቻውን መጥቶ እንደማያውቅ እንረዳለን። ሁልጊዜ ሌላ ጥያቄ በጀርባው አዝሎ ይመጣል። የታዘለው ጥያቄ በስሙ እስካልተጠራ ድረስ ክርክሩ ያደክማል እንጂ አያስተምርም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ጥንታዊ የሚባለው ትናንት አዲስ ማሽን ነበር

በምዕራባውያን አብያተ ክርስቲያናት የቧንቧ ኦርጋን የመንፈሳዊ ዜማ ዋና መሣሪያ ተደርጎ ይታያል። ትውልዱ ግን ከቤተ ክርስቲያን አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ይኖር የነበረ ክቴሲቢዮስ የተባለ መሐንዲስ፣ በውኃ ክብደት የታመቀ አየርን ወደ ተደረደሩ ቧንቧዎች እየላከ ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ ሠራ። ተጫዋቹ እንደ ዋሽንት በአፉ አይነፋም፤ ቁልፉን በጣቱ ሲጫን ማሽኑ ይነፋለታል። «የውኃ ኦርጋን» የተባለው ይህ መሣሪያ በሮማውያን ዘመን በአደባባይ ትርኢቶች ላይ ይሰማ ነበር። በሊቢያ በዝሊተን አካባቢ የተገኘ ጥንታዊ የወለል ሞዛይክ፣ ግላዲያተሮች በሚፋለሙበት ሜዳ ዳር የኦርጋን ተጫዋች ያሳያል።

ኦርጋን በተወለደባት በዚያችው እስክንድርያ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ያስተማረው ቀሌምንጦስ በመዝሙረ ዳዊት መጨረሻ፣ በ150ኛው መዝሙር፣ የተዘረዘሩትን የዜማ መሣሪያዎች በምሥጢር ተርጕሟቸዋል። በእርሱ ትርጓሜ በገናው፣ ከበሮውና ጸናጽሉ የሰውን አፍ፣ ምላስና ሰውነት፣ እንዲሁም የምእመናንን ጉባኤ ያመለክታሉ። ለቀሌምንጦስ የመጀመሪያው የምስጋና መሣሪያ ሰው ራሱ ነው። ይህን ሐሳብ ይዘን እንቆይ፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

በ757 የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ አምስተኛ ለፍራንኮች ንጉሥ ለፔፒን ኦርጋን በስጦታ ላከ። በቢዛንታይን ኦርጋን የቤተ መንግሥት ሥነ ሥርዓትና የበዓል መሣሪያ ነበር እንጂ በቅዳሴ አይሰማም ነበር። ስጦታውን የተቀበለው ምዕራብ ግን ቀስ በቀስ ወደ ቤተ ክርስቲያን አስገባው። ያስገባውም ያለ ተቃውሞ አልነበረም። በ12ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ የሪቮ ገዳም አበምኔት የነበረው ኤልሬድ፣ የወናፉ ጩኸት ከሰው ድምፅ ጣዕም ይልቅ ነጎድጓድን እንደሚመስል እየገለጸ በምሬት ጽፏል። የሰውን ድምፅ የሚሸፍን ማሽን በጸሎት ቤት ምን ይሠራል የሚል ቅሬታ ነበር።

እንግዲህ ሁለት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ በኋላ ዘመን የኤሌክትሪክ መሣሪያን «ማሽን ነው» ብለው የነቀፉት ሰዎች የተሟገቱለት የቧንቧ ኦርጋን ራሱ በዘመኑ «ማሽን ነው» ተብሎ ተነቅፎ ነበር። ሁለተኛ፣ ቢዛንታይን ኦርጋንን ከቅዳሴ ውጭ ያደረገችው መሣሪያ አይደለም ብላ አልነበረም። መሣሪያነቱንማ ከማንም በላይ ታውቀው ነበር፤ ለነገሥታት ስጦታ አድርጋ እስከ መላክ ደርሳለች። ቦታው ግን ሌላ ነው አለች። መሣሪያ መሆንና በቅዳሴ መግባት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች እንደሆኑ ከዚህ ወዲያ ግልጽ ማስረጃ አይገኝም።

በቺካጎ የቀረበው ሙግት

ኤሌክትሪክ ወደ ዜማ ዓለም የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። አሜሪካዊው ታዴዎስ ካሂል በ1897 ቴልሃርሞኒየም ለተባለው መሣሪያው የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። መሣሪያው በሚሽከረከሩ ብረቶች አማካይነት የኤሌክትሪክ ሞገድ እያመነጨ ሙዚቃውን በስልክ ሽቦ ወደ አድማጮች ይልክ ነበር። ችግሩ ግዝፈቱ ነበር፤ ኒው ዮርክ ላይ የተተከለው 200 ቶን ያህል ይመዝን ነበር።

ይህንኑ መርሕ በአንድ ጠረጴዛ መጠን ያሳነሰው የቺካጎው ሎረንስ ሃሞንድ ነው። ሃሞንድ ቀድሞ የኤሌክትሪክ ሰዓት ሠሪ ነበር። የሰዓቱን ወጥ ፍጥነት ያለው ሞተር ወስዶ፣ ጠርዛቸው የተጎራበጠ ትናንሽ የብረት ዲስኮችን በማግኔት አጠገብ እንዲያሽከረክር አደረገ። ጉብታው በማግኔቱ ፊት ባለፈ ቁጥር በሽቦ ጥቅል ውስጥ ደካማ ሞገድ ይፈጠራል፤ ሞገዱ በድምፅ ማጉያ ሲያልፍ ዜማ ይሆናል። የሃሞንድ ኦርጋን በ1935 ገበያ ላይ ዋለ። ቧንቧም ወናፍም የለውም፤ ዋጋውም ከቧንቧ ኦርጋን እጅግ የቀነሰ ነበር። በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ብቻ ከ1,750 በላይ አብያተ ክርስቲያናት ገዙት።

የቧንቧ ኦርጋን ሠሪዎች በዚህ ደስ አልተሰኙም። ጉዳዩ ወደ አሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ደረሰ፤ ኮሚሽኑም ኩባንያውን በአሳሳች ማስታወቂያ ከሰሰው። ከክሱ ነጥቦች መካከል የሃሞንድ መሣሪያ የቧንቧ ኦርጋንን የድምፅ ቀለም ሁሉ ማውጣት ይችላል የሚለው ማስታወቂያ ይገኝበታል። «እውነተኛ» ሙዚቃ ያሰማል የሚለው የኩባንያው አነጋገርም በክሱ ውስጥ ተጠቅሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ነገር በዜማ ታሪክ እምብዛም አይገኝም። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሮክፌለር የጸሎት ቤት ውስጥ አንድ የሃሞንድ ኦርጋንና 75,000 ዶላር የሚገመት የስኪነር ኩባንያ የቧንቧ ኦርጋን ለፈተና ቀረቡ። የሃሞንዱ ዋጋ 2,600 ዶላር ገደማ ነበር። ሙዚቀኞችና ሙዚቃ ያልተማሩ ሰዎች ተቀምጠው እየሰሙ፣ አሁን የተሰማው የትኛው ነው የሚለውን እንዲለዩ ተጠየቁ። የኩባንያው ጠበቆች፣ አድማጮቹ ግማሽ ያህሉን ጊዜ እንደተሳሳቱ ወይም በግምት እንደመለሱ ተከራከሩ። የኮሚሽኑ ምስክሮች ደግሞ፣ የቧንቧ ኦርጋኑ ሆን ተብሎ ሃሞንዱን እንዲመስል ተደርጎ ተጫውቷል ብለው ተቃወሙ።

ውሳኔው በ1938 ተሰጠ። ኮሚሽኑ ኩባንያው በርካታ የማስታወቂያ አባባሎቹን እንዲያቆም አዘዘ፤ ከእነዚህም አንዱ መሣሪያው 10,000 ዶላር ከሚያወጣ የቧንቧ ኦርጋን ጋር ይተካከላል የሚለው ነበር። በክሱ ተጠቅሶ የነበረው «እውነተኛ ሙዚቃ» የሚለው አነጋገር ግን በእገዳው ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ኩባንያውም ይህን እንደ ድል ቆጠረው።

ይህ ውሳኔ ጥበብ አለው። ዳኞቹ መሣሪያውን መሣሪያ አይደለህም አላሉትም፤ ያልሆንከውን ነኝ አትበል አሉት። በሙግቱ ጀርባ ታዝሎ የመጣው ጥያቄ የሐቀኝነት ጥያቄ ነበር። ገንዘቡን አዋጥቶ ኦርጋን የሚገዛ ምእመን የሚገዛውን ነገር በትክክለኛ ስሙ የማወቅ መብት አለው።

የራስን ድምፅ ማግኘት

የሃሞንድ ታሪክ በችሎት አላበቃም። በ1939 በዚያችው በቺካጎ የመዝሙር ደራሲው ኬኔት ሞሪስ በፈርስት ቸርች ኦፍ ዴሊቨራንስ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን የሃሞንድ ኦርጋንን ወደ ጎስፔል መዝሙር አስገባ። የቧንቧ ኦርጋን መግዛት የማይችሉ ድሆች ምእመናን ያንን መሣሪያ የራሳቸው አደረጉት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሃሞንድ ድምፅ የቧንቧ ኦርጋን ምትክ መሆኑ ቀርቶ በራሱ የሚፈለግ፣ ሌሎች የሚመስሉት ድምፅ ሆነ። ሌላውን ለመምሰል ሲጣጣር «እውነተኛ ነህን?» ይባል የነበረው መሣሪያ፣ በራሱ ድምፅ መናገር ሲጀምር ጥያቄው ራሱ ተረሳ።

ተመሳሳይ ነገር በቴርሚን ላይም ታይቷል። ሩሲያዊው ሌቭ ቴርሚን በ1920 ገደማ የፈጠረው ይህ መሣሪያ ሳይነካ የሚጫወቱበት ነው። ተጫዋቹ በሁለት አንቴናዎች አጠገብ እጆቹን ሲያቀርብና ሲያርቅ ድምፁ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጎላል፣ ይሳሳል። ክርም ቁልፍም ስለሌለው ለብዙዎች ከትርኢት ያለፈ አልመሰላቸውም። ክላራ ሮክሞር ግን በሕፃንነቷ በቫዮሊን የታወቀች ስትሆን፣ በክንዷ ሕመም ምክንያት ቫዮሊኑን ከተወች በኋላ ወደ ቴርሚን ዞረች። በአየር ላይ ጣቶቿን የምታንቀሳቅስበት ሥርዓት አበጅታ፣ ለዓመታት ተለማምዳ፣ በታላላቅ አዳራሾች አስደመጠችው። መሣሪያውን ወደ መድረክ ያበቃው የፈጣሪው ሽቦ ብቻ አይደለም፤ የተጫዋቿ ድካም ጭምር ነው።

ከዚህ አንድ መለኪያ እናገኛለን። መሣሪያን መሣሪያ የሚያሰኘው የተሠራበት ነገር አይደለም፤ ቆዳ፣ ጅማት፣ ነሐስ ወይም ሽቦ መሆኑ ልዩነት አያመጣም። ሰው ተምሮት፣ ደክሞበት፣ በልቡ ያለውን በእርሱ በኩል ማውጣት ከቻለ መሣሪያ ነው። «ቁልፉን ሲጫኑት ራሱ ይጮኻል» የሚለው ነቀፋ ለክቴሲቢዮስ ኦርጋንም ይሠራል። ከበሮም ቢሆን ለመታው ሁሉ ይጮኻል። ሕፃን ሲመታው የሚሰማውንና የአቋቋም መምህር በማኅሌት ሲመታው የሚሰማውን የሚለየው ግን የዘመናት ትምህርት ነው።

ሁሉንም ድምፅ የሚችለው መሣሪያ

ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ሁሉ በኋላ የመጣው ኮምፒውተር ጥያቄውን አከበደው። በ1951 በእንግሊዝ ማንቸስተር አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ዜማ ሲያሰማ ቢቢሲ ቀድቶታል። በ1957 ደግሞ በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪዎች ኢንጂነር የሆነው ማክስ ማቲውስ፣ ኮምፒውተር የድምፅ ሞገድን ከቁጥር እንዲሠራ የሚያደርግ ፕሮግራም ጻፈ። በፕሮግራሙ የተሰማው የመጀመሪያው ሥራ 17 ሰከንድ ያህል ብቻ የሚፈጅ ነበር። ማቲውስ በ1963 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ሥራው ሲጽፍ ለጽሑፉ የሰጠው ርእስ ዲጂታል ኮምፒውተርን የሙዚቃ መሣሪያ ብሎ የሚጠራ ነበር። ኮምፒውተር በመርሕ ደረጃ የማያወጣው ድምፅ እንደሌለም አስረዳ፤ ማንኛውም ድምፅ በቁጥር ሊጻፍ ይችላልና።

በ1983 የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎችንና ኮምፒውተሮችን የሚያግባባው ሚዲ የተባለ የጋራ መግባቢያ ይፋ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አንድ ተማሪ በጭኑ ላይ ባስቀመጠው ላፕቶፕ የአንድ ኦርኬስትራን ያህል ድምፅ ማዘዝ ቻለ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኮምፒውተር አንድ ነገር ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ነገር ነው። ሰው እያሰበ፣ እየመረጠ፣ በሰዓቱ እያዘዘ ሲጫወትበት መሣሪያ ነው። ቀድሞ የተዘጋጀውን ድምፅ ማንም ሳይደክምበት ሲያሰማ ደግሞ ከቴፕ የተለየ አይደለም። ስለዚህ «ኮምፒውተር መሣሪያ ነውን?» ተብሎ ሲጠየቅ ተገቢው መልስ «በማን እጅ? እንዴት?» የሚል ነው። በገናና ከበሮ ይህ ሁለትነት የላቸውም፤ ሰው ካልነካቸው ዝም ይላሉ።

እንጀራ ያዘለ ጥያቄ

በቺካጎው ሙግት ታዝሎ የመጣው የሐቀኝነት ጥያቄ ነበር ብለናል። በለንደን የታዘለው ሌላ ነው። በ1982 የብሪታንያ የሙዚቀኞች ማኅበር የማዕከላዊ ለንደን ቅርንጫፍ፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽኖች እንዲታገዱ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳለፈ። መነሻው ሥጋት ነበር፤ ቫዮሊንና ጥሩንባ ተጫዋቾች የሚሠሩትን አንድ ሰው በሲንተሳይዘር ሊሠራው ነው የሚል። ውሳኔው የመላው ማኅበሩ ሕግ አልሆነም። ሲንተሳይዘሩም አልቀረም።

በእነዚያ ሙዚቀኞች መሳቅ ቀላል ነው፤ ግን አይገባም። የልባቸው ጥያቄ «ይህ መሣሪያ እውነተኛ ነውን?» ሳይሆን «ዕድሜያችንን የሰጠንለት ሙያ በአንድ ቁልፍ ሲተካ እኛ ምን እንሆናለን?» የሚል ነበር። ይህ የከበረ ጥያቄ ነው። ጉዳታቸው ጥያቄውን በስሙ አለመጥራታቸው ነው። መሣሪያውን ሐሰተኛ ለማሰኘት ሲሞክሩ ተሸነፉ፤ ሰውን ስለ መንከባከብ ቢናገሩ ኖሮ ብዙ ጆሮ ባገኙ ነበር።

በቤታችን ስንመለከተው

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በ6ኛው መቶ ዓመት ከተነሣው ከቅዱስ ያሬድ የተቀበለችውን ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ በማኅሌት የምታቀርበው በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ድምፅ ብቻ አይደሉም፤ ትምህርትም ናቸው። ሊቃውንቱ የከበሮውን ሰፊና ጠባብ አፎች በመለኮቱና በትስብእቱ፣ ጠፍሩንም በግርፋቱ ሰንበር እየመሰሉ ሲያስተምሩ ኖረዋል።

ይህ ማለት ግን ቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ጥበብን ትፈራለች ማለት አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የድጓውን ዜማ በምልክት እንዲጻፍ ሲያደርጉ ለዘመኑ ታላቅ አዲስ ጥበብ ነበር። ዛሬም በየደብሩ ካህኑ በድምፅ ማጉያ ይቀድሳሉ፤ ስብከቱም በኤሌክትሪክ ይሰማል። ኤሌክትሪክ ስለሆነ ብቻ የተከለከለ ነገር የለም። ምልክቱም ድምፅ ማጉያውም የገቡት ግን የሰውን ድምፅ ለማገልገል ነው፤ አንዱ ዜማውን ለማስታወስ፣ ሌላው ለማሰማት። ዘማሪውን አልተኩም።

ከሁሉ በላይ ግን ለክርክራችን መልስ የምትሰጠን በገና ናት። በገና የተከበረች መንፈሳዊ መሣሪያ መሆኗን የሚጠራጠር የለም። ዐሥሩ አውታሮቿ በዐሥሩ ትእዛዛት ይመሰላሉ፤ በዐቢይ ጾም ድምፅዋን ስንሰማ ልባችን ለንስሐ ይነሣሣል። ነገር ግን በገና በማኅሌት ከከበሮና ከጸናጽል ጋር አትደረደርም። ቦታዋ የግል ጸሎትና ተመስጦ ነው። ከማኅሌት ውጭ በመሆኗ «እውነተኛ መሣሪያ አይደለችም» ያለ ማን አለ? ማንም የለም። «እውነተኛ ስለሆነች የግድ ማኅሌት ውስጥ ትግባ» ያለም የለም። አባቶቻችን መሣሪያ መሆንንና ቦታን ለይተው ያውቁ ነበር።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም ለዚህ ሌላ ምስክር ናቸው። በ1923 በአዲስ አበባ ተወልደው፣ በምንኵስና ኖረው፣ በኢየሩሳሌም በ2023 ያረፉት እኚህ እናት በፒያኖ ድርሰታቸው በዓለም ታውቀዋል። ፒያኖ የማኅሌት መሣሪያ አይደለም። ሆኖም በእጃቸው እውነተኛ መሣሪያ መሆኑን፣ የመነኩሲቷም ልብ በእርሱ በኩል መናገሩን የሰማ ሁሉ ይመሰክራል።

ጥያቄዎቹን በስማቸው እንጥራ

እንግዲህ ታሪኩ ካስተማረን በመነሣት ሦስቱን የታዘሉ ጥያቄዎች እናውርዳቸው።

የመጀመሪያው የሐቀኝነት ጥያቄ ነው። ኪቦርዱ በራሱ እውነተኛ መሣሪያ ነው። ነገር ግን «በገና» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቁልፍ ተጭኖ የሚሰማው ድምፅ በገና አይደለም፤ አንድ ደርዳሪ በአንድ ቀን የደረደረው ድምፅ ቅጂ ወይም ምስለ ድምፅ ነው። በመዝሙር አልበም ላይ «በበገና የታጀበ» ብሎ መጻፍ የቺካጎ ችሎት የከለከለውን ዓይነት ስሕተት መድገም ይሆናል። የሆነውን ነገር በስሙ እንጥራው።

ሁለተኛው የሰው ጥያቄ ነው። የከበሮውን ምት ማሽን ሲመታልን፣ ከአቋቋም መምህር እግር ሥር ቁጭ ብሎ የሚማረው ወጣት ምን ይሆናል? በአብነት ትምህርት ቤት በቆሎውን እየለመነ ዓመታት የሚቀመጠው ተማሪ የሚያገኘው ምትን ብቻ አይደለም፤ ትዕግሥትን፣ ታዛዥነትን፣ የቃሉን ምሥጢር ጭምር ነው። ማሽኑ ድምፁን ሊሰጠን ይችላል፤ ያንን ሰው ግን አይሰጠንም። በየሰንበት ትምህርት ቤታችን ከበሮ የሚችሉ ልጆች ቁጥር እየቀነሰ፣ በስልክ የሚከፈት ማጀቢያ ከበዛ ያጣነው መሣሪያ ሳይሆን ሰው ነው። በሌላ በኩል ያው ስልክ የመምህራንን ዜማ ቀድቶ ለሚያጠና ልጅ ታላቅ ረዳት ነው። ልዩነቱ ትምህርቱን ማገዙና ትምህርቱን መተካቱ ላይ ነው።

ሦስተኛው የሥርዓት ጥያቄ ነው። በማኅሌትና በቅዳሴ ምን እንደሚገባ የሚወስነው የመሣሪያው ችሎታ፣ የድምፁ ጥራት ወይም የእኛ ምርጫ አይደለም፤ ከአባቶች የተቀበልነው ሥርዓት ነው። ይህ መልስ በራሱ ምሉዕ ነው። ለማጠናከር ብሎ «ደግሞም እውነተኛ መሣሪያ አይደለም» ብሎ መጨመር አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ያዳክመዋል። በዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ የሚያጠና ወንድማችን መሣሪያ መሆኑን በማስረጃ ባሳየን ቀን፣ ሥርዓቱም አብሮ የወደቀ ይመስለዋልና። እውነቱን በተሳሳተ ምሰሶ ላይ አናቁመው።

በኮምፒውተር ዜማ የምትደርሱ እኅቶችና ወንድሞች፣ ሙያችሁን ማንም «የሐሰት ሙዚቃ» ብሎ ሊያንኳስስባችሁ አይገባም። የማቲውስና የሮክሞር ታሪክ ለእናንተ ይመሰክራል። እናንተም በምላሹ፣ መሣሪያችሁ እውነተኛ ስለሆነ ብቻ በሁሉ ስፍራ መግባት አለበት አትበሉ። በገና እንኳ ይህን አልጠየቀችም።

በመጨረሻም ቀደም ብለን ያቆየነውን የቀሌምንጦስን ሐሳብ እናንሣ። የመጀመሪያው የምስጋና መሣሪያ ሰው ነው ብሎ ነበር። የቧንቧው፣ የሽቦውም፣ የኮምፒውተሩም ታሪክ በሌላ መንገድ ወደዚሁ ያደርሰናል፤ መሣሪያው የሚከብረው ከኋላው ባለው ሰው ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ክርክሩ ሲነሣ «የትኛው መሣሪያ እውነተኛ ነው?» ከማለታችን በፊት፣ ከመካከላችን ስንቶቻችን አንድ ወረብ በቃላችን እንደምናውቅ፣ ስንቶቻችንም ከበሮ ለመማር ወደ መምህራን እንደቀረብን እንጠያየቅ። ከበሮው ዛሬም በየደብሩ ተሰቅሎ ተማሪ ይጠብቃል።

ቸሩ አምላካችን እርሱን በንጹሕ ልብ ለማመስገን ያብቃን። የቅዱስ ያሬድ በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።